ሰብለ ወንጌል ከደጃፍ ከወጣች በኋላ

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ለአንባቢ ከቀረበ ወዲህ ብዙ ሂስ ተጽፎበታል። ፊታውራሪ መሸሻ የባላባታዊው ሥርዓት ወኪል፣ ጉዱ ካሣ የሥርዓቱ ነቃፊ፣ ሰብለ ወንጌልና በዛብህ ደግሞ የሥርዓቱ ሰለባዎች ተደርገው ሲተነተኑ ኖረዋል። ትንተናው ስሕተት የለበትም። ሆኖም ፊታውራሪ መሸሻ ባላባት ብቻ ሳይሆኑ አባትም መሆናቸው በዚህ መካከል ተዘንግቷል። ገበሬው የሚያውቀው ቁጣ እቤት ውስጥም አለ። ልዩነቱ ገበሬዎቹ በአንድነት ሲያምፁ ጀግና መባላቸው፣ በአባቷ ላይ ያመፀች ልጅ ግን የሚጠብቃት ስም ከወዲሁ የተዘጋጀ መሆኑ ነው፤ እርጉም ትባላለች።

ሰብለ ወንጌል ማንነቷን በልብስ ሸሽጋ ከአባቷ ቤት የወጣችበት ክፍል እንደ ፍቅር ጀብዱ ብቻ ሲነበብ ቆይቷል። ቀስ ብሎ ላነበበው ግን ደራሲው ሌላም እውቀት አኑረውበታል። ከኃይለኛ ወላጅ መለየት በአንድ ሌሊት የሚፈጸም ሥራ አይደለም። ከደጃፉ ወዲያ መንገድ አለ፤ በመንገዱ ላይም የሚጠይቅ ሰው አለ። «የማን ልጅ ነሽ?» ማለት በአገሬው ዘንድ ደግነት ነው። ለሸሸች ልጅ ግን ከሽፍታ ያላነሰ አደጋ አለው፤ መልሱ በገበያተኛ አፍ ተመልሶ አባትዮው ጆሮ ይደርሳልና። የልብሱ ለውጥ ለዚህ ጥያቄ የተበጀ መከላከያ ነው።

የመጨረሻዋ መጠጊያ ምንኩስና መሆኗም በሐዘን ብቻ መታየት የለበትም። መነኩሴ ለዓለም የሞተ ነው ይባላል፤ ሲመነኩስም ጸሎተ ፍትሐት ይደረግለታል። እንግዲህ ልጅ ከወላጁ ሳይረገም የሚለይበት አንድ የተከበረ በር ባህሉ ራሱ ከፍቶ ነበር ማለት ነው፤ ዋጋው ግን ሕይወትን ሙሉ በሙሉ መተው ነው። ደራሲው ለሰብለ ሌላ በር አላገኙላትም። ይህ የመጽሐፉ ድካም ነው ከማለት ይልቅ የዘመኑ እውነት ነው ማለት ይቀላል፤ ነገር ግን ከደራሲው በኋላ የመጡት ጸሐፍት ሌላ በር መፈለግ ነበረባቸው።

በኋላ ዘመን ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ታሪኩ ፊደል ላልቆጠረውም ደረሰ። የሰብለን ጉዞ ከጎጃም እጅግ ርቆ የሰማው አድማጭ የራሱን መንገድ ሳያስታውስበት አልቀረም። ቴፒ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሸካ ዞን የምትገኘው ይህች የቡና ከተማ በለቀማ ወራት በእንግዳ ትሞላለች። ቀዩን ፍሬ ለቅሞ በኪሎ ለሚከፈለው ሰው የጉልበቱ ብርታት እንጂ የአባቱ ስም አይጠየቅም። ለዱላ ቤቱን ጥሎ ለወጣ ወጣት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

እፎይታው ግን ለቀማው እስኪያልቅ ነው። ከዚያ በኋላ የአገር ልጅ ይመጣል፤ ሰላምታ ይዞ ይመለሳል፤ ሰላምታውም አድራሻ ይሆናል። «እናትህ ታማለች፣ ድረስ» የሚል መልእክት ይከተላል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ወጥመድም ሊሆን ይችላል። ልጁ ይህን የሚያጣራለት፣ ያለበትን ግን የማይናገርበት አንድ የታመነ ሰው ከትውልድ ቀዬው ከሌለው፣ እውነቱን ለመለየት ያለው መንገድ ራሱ መሄድ ብቻ ነው።

በትምህርት ቤት ክበባትና በኪነት ቡድኖች መድረክ የተለመደው ድራማ ይህን ሁሉ ይዘለዋል። ልጅ ይኮበልላል፤ ሽማግሌ ይላካል፤ ልጅ የአባቱን ጉልበት ይስማል፤ እልልታ ይቀልጣል፤ መጋረጃ ይዘጋል። ቅርጹ የተሟላ ነው፤ ይዘቱ ግን ሐሰት ነው። ሽምግልና የወሰን ጠብ ያበረደ፣ ደም ያደረቀ ታላቅ ሀብት መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ሁለቱን ወገን እኩል አድርጎ ይጀምራል፤ መቺና ተመቺ፣ አባትና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ግን እኩል አይደሉም። መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ በዚያች ሌሊት እዚያ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ደራሲው አይጠየቅበትም። ከተመልካቾቹ መካከል የተቀመጠው ልጅ ግን ያውቀዋል።

የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም «ድፍረት» በ2006 ዓ.ም. ለእይታ የበቃው ስለ ጠለፋ እንጂ ስለ ወላጅ አይደለም። ይሁንና ፍርድ ቤት በነፃ ያሰናበታት ልጅ ወደ ቀዬዋ መመለስ አለመቻሏን በማሳየቱ ከእነዚያ ድራማዎች አንድ እርምጃ ቀድሟል። ድል ከተገኘ በኋላ የት ይታደራል የሚለውን ጥያቄ አልሸሸውም።

ሕጉም ቢሆን ለጸሐፌ ተውኔት ብዙ ጉዳይ ያቀርባል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 የአካል ቅጣትን በስም ጠቅሶ የሚከለክለው በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ልጅን ማንገላታትን ይቀጣል፤ ተገቢ የሆነ የቅጣት እርምጃን ግን ከወንጀል ውጭ ያደርጋል። ተገቢው የት ላይ እንደሚያበቃ የሚወስነው ብዙ ጊዜ ዱላውን የያዘው ነው። ተመቺው ወደ ሕግ እስኪደርስ ድረስ ማለት ነው።

ለመድረክ የሚሆን ሌላም ትዕይንት አለ፤ ጠመንጃም ሽፍታም አይገባበትም። ወጣቷ በቴፒ ሥራ አግኝታለች፣ ቤት ተከራይታለች፤ መታወቂያ ለማውጣት ቀበሌ ትቀርባለች። ጸሐፊው ትሑት ሰው ነው፤ ከነበረችበት ቀበሌ መሸኛ እንድታመጣ ይነግራታል። መሸኛው የሚጻፈው አባቷን በሚያውቅ ሰው እጅ ነው፤ የምትሄድበትም አገር በወረቀቱ ላይ ይሰፍራል። ወጣቷ ወረፋዋን ለቅቃ ትወጣለች። ጸሐፊው ለምን እንደወጣች አልገባውም፤ ቀጣዩን ባለጉዳይ ይጠራል።