«ኦፓለሰንት» የተባለው ቃል በሳይንስ ትምህርት ያለው አተረጓጎም

የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ መምህር በእንግሊዝኛው መጽሐፍ «ኦፓለሰንት» የሚል ሲያጋጥመውና በአማርኛ ላብራራ ሲል፣ ቶሎ የሚመጣለት «አብረቅራቂ» ወይም «ዝንጉርጉር» የሚለው ነው። ሁለቱም አይስማሙም። የፊተኛው የመስተዋትና የተወለወለ ብረት ነው፤ የኋለኛው የነብር ቆዳ።

የስሕተቱ ምንጭ ማዕድኑ ነው። ቃሉ የተወሰደው ኦፓል ከተባለው ድንጋይ ሲሆን፣ በ2000 ዓ.ም. በደላንታ ወረዳ በወገል ጤና አካባቢ ከተገኘ ወዲህ የወሎ ኦፓል ስሙ የገነነው ሲያገላብጡት በሚለዋወጡት ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለሞቹ ነው። ይህ ግን ሌላ ክስተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በአውስትራሊያ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እንደ ታየው፣ በድንጋዩ ውስጥ በሥርዓት የተደረደሩ ጥቃቅን የሲሊካ ሉሎች ብርሃኑን በየቀለሙ ይለያዩታል። «ኦፓለሰንት» በጥብቅ ትርጉሙ የሚያመለክተው ተራውን፣ ወተት መሰሉን ኦፓል ነው፤ ይኸውም ከጎን ሲያዩት ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጣ ያለ፣ ብርሃን አሻግረው ሲያዩበት ደግሞ ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ መልክ ነው። (የዕንቊ ነጋዴዎችም አንዳንዴ ሁለቱን ያቀላቅላሉ፤ በዚህ እነሱን መከተል አይገባም።)

ነገሩ ለተማሪው ባዕድ አይደለም። ከጎጆ ጣራ የሚወጣ የማገዶ ጢስ ከበስተኋላው ጥቁር ተራራ ሲሆን ሰማያዊ፣ ብሩህ ሰማይ ሲሆን ቡናማ መስሎ ይታያል። ከብርሃን የሞገድ ርዝመት ያነሱ ቅንጣቶች ሰማያዊውን አብዝተው ስለሚበትኑ ነው።

ሶዲየም ታዮሰልፌትና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲቀላቀሉም ድኝ በጥቃቅን ቅንጣቶች ይለያል። ፈሳሹ በመጀመሪያ ኦፓለሰንት ይሆናል፤ ቅንጣቶቹ ሲያድጉ ሰማያዊነቱ ጠፍቶ ቢጫ ድፍርስ ይሆናል። ቃሉ የሚለየው ያንን አጭር የመጀመሪያ ደረጃ ነው። «አብረቅራቂ» የተባለለት ተማሪ ብልጭታ ሲጠብቅ ደረጃው ያልፈዋል፤ አለዚያም ያላየውን አየሁ ብሎ ይጽፋል። የከፋው ይኸኛው ነው።

ስለዚህ ለዚህ መልክ «ወተታማ ፍካት»፣ ለወሎው ኦፓል ደግሞ «ተለዋዋጭ ኅብረ ቀለም» ቢባል የተሻለ ይመስለናል። «ወተታማ» ብቻውን ግን አይበቃም፤ ድፍርሱንም ያጠቃልላልና። መምህሩ ቃሉን ከመስጠቱ በፊት በአንድ ብርጭቆ ውሃ ጥቂት የወተት ጠብታ ጨምሮ፣ ክፍሉን አጨልሞ በእጅ ባትሪ ያብራበት፤ ተማሪዎቹም መጀመሪያ ከጎን፣ ቀጥሎ ከባትሪው ፊት ለፊት ይመልከቱ።