ከኮምፒዩተር ርቆ ለሚማር ተማሪ፤ ስለ መክራከን የፎርትራን መምሪያ

ዳንኤል መክራከን «የፎርትራን አራት ፕሮግራም አጻጻፍ መምሪያ» በሚል ርእስ በእንግሊዝኛ ያዘጋጀው መጽሐፍ በኒው ዮርክ በጆን ዋይሊ አሳታሚ ድርጅት ለንባብ የበቃው እ.ኤ.አ. በ1965 ነበር። ደራሲው ቀደም ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1961፣ ስለዚሁ ቋንቋ አንድ አነስተኛ መምሪያ አሳትሟል። ዛሬ እንዲህ ያለው መጽሐፍ የሚገኘው ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ዘንድ ወይም አቧራ ከለበሰ የቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ነው። የትምህርት ቤት መጻሕፍት በሚጣሩበት ጊዜም ዘመን አልፎበታል ተብሎ በቅድሚያ የሚወገደው ይኸው ዓይነቱ ነው። ውሳኔው ከመፈጸሙ በፊት ግን መጽሐፉ በእርግጥ ምን እንደሚያስተምር መመርመር ተገቢ ይመስለኛል።

ፎርትራን በጆን ባከስ መሪነት በአይ ቢ ኤም ኩባንያ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1957 704 ለተባለው ኮምፒዩተር የቀረበ ቋንቋ ነው። መጽሐፉ በተጻፈበት ዘመን ኮምፒዩተር አንድ ሰፊ ክፍል የሚይዝ፣ ተማሪ በእጁ የማይነካው መሣሪያ ነበር። ተማሪው እያንዳንዱን የፕሮግራም መሥመር 80 ዓምድ ባለው ካርድ ላይ በቀዳዳ ያስመዘግባል፤ የካርዱን ጥቅል ለሠራተኛ ያስረክባል፤ ውጤቱን በወረቀት ታትሞ የሚቀበለው ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ነው። የመጀመሪያዎቹ 5 ዓምዶች ለመሥመሩ ቁጥር፣ 6ኛው ትእዛዙ ከቀደመው ካርድ የቀጠለ መሆኑን ለማመልከት፣ ከ7ኛው እስከ 72ኛው ለትእዛዙ ለራሱ የተመደቡ ነበሩ። አንድ ፊደል ከቦታው ሲዛነፍ የአንድ ቀን ጥበቃ ከንቱ ሊሆን ይችላል።

የመጽሐፉ መልካም ጠባይ የተገኘው ከዚሁ ችግር ነው። መክራከን መሣሪያው ከአንባቢው አጠገብ እንደሌለ አውቆ ይጽፋል። ሕጉን በአጭሩ ይገልጻል፤ አንድ ሙሉ ፕሮግራም ያቀርብና መሥመሮቹ የሚያከናውኑትን ያስረዳል፤ ከዚያም ልምምድ ይሰጣል። በዛሬው ጊዜ ኮምፒዩተሩ በቅጽበት መልስ ስለሚሰጥ፣ ተማሪ ስሕተቱን ሳይረዳ አንዱን ምልክት በሌላው እየለወጠ እስኪሠራለት ድረስ መሞከር ይቀናዋል። በመክራከን ዘመን ይህ መንገድ ዝግ ነበር ለማለት ይቻላል። ተማሪው ካርዱን ከማስረከቡ በፊት ራሱ በኮምፒዩተሩ ቦታ ሆኖ ፕሮግራሙን መሥመር በመሥመር መከተልና የሚለዋወጡትን ቁጥሮች በወረቀት ላይ መመዝገብ ነበረበት።

በእጄ የሚገኘው ቅጂ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ የተገዛ ሲሆን፣ የቀድሞው ባለቤት በእርሳስ የሞላው ኅዳግ ከታተመው ጽሑፍ ባልተናነሰ ያስተምራል። ሙሉ ቁጥር ለሙሉ ቁጥር ሲካፈል ክፍልፋዩ እንደሚጣል ከሚያስረዳው ሐተታ አጠገብ ይህ ስሙ የማይታወቅ ተማሪ አንድ ትንሽ ሠንጠረዥ አስምሯል። ራሱ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ 27 የሚሰጠውን ቁጥር ለማግኘት 27ን አንድ ሦስተኛ በሆነ አርቢ ያሰላል፤ አርቢውንም 1 ሲካፈል ለ3 ብሎ ይጽፈዋል። በፎርትራን ሕግ ሁለቱም ሙሉ ቁጥሮች ስለሆኑ የማካፈሉ ውጤት 0 ነው፤ 27ም በ0 አርቢ 1 ስለሚሆን፣ መልሱ 3 መሆኑ ቀርቶ 1 ይሆናል። ኮምፒዩተሩ ስሕተት አለ አይልም። በሠንጠረዡ መጨረሻ ላይ ያለችው 1 ሁለት ጊዜ ተሰምሮባታል። አንድ የሒሳብ መምህር ይህንኑ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በ10 ደቂቃ ሊያሳየው ይችላል፤ ኤሌክትሪክም አያስፈልገውም።

ይህ ሲባል መጽሐፉ እንከን የለበትም ማለት አይደለም። ከሁሉ የሚከፋው የፕሮግራሙን ሂደት ከአንድ መሥመር ወደ ሌላው የሚያዘልለው «ጎ ቱ» የተባለው ትእዛዝ ያለው ሰፊ ድርሻ ነው። አንድ ቁጥር ከዜሮ ሲያንስ፣ ከዜሮ ሲተካከል ወይም ከዜሮ ሲበልጥ ወደ ሦስት የተለያዩ መሥመሮች የሚልከው የ«ኢፍ» ትእዛዝም ከዚሁ ይመደባል። ፕሮግራሙ ሲረዝም ውሉ እንደጠፋበት ልቃቂት ይሆናል። ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1968 «ጎ ቱ»ን በብርቱ ነቅፎ ጽፏል፤ መክራከን ራሱም እ.ኤ.አ. በ1973 ዳታሜሽን በተባለው መጽሔት ላይ አዲሱን የፕሮግራም አጻጻፍ ሥርዓት እንደ አብዮት ቆጥሮ ለአንባብያን አስተዋውቋል። ስለሆነም መጽሐፉን በዚህ ረገድ አርአያ ማድረግ ደራሲው ራሱ ከደረሰበት ወደ ኋላ መመለስ ይሆናል። ምሳሌዎቹም በብዛት ከምሕንድስናና ከፊዚክስ የተወሰዱ ስለሆኑ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይከብዳሉ። መምህሩ በተማሪዎች ውጤት ወይም በእህል ዋጋ ሊተካቸው ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ሊነሣ ይችላል፤ ይኸውም የካርድ ዘመን ጥንቃቄ ከእጥረት የመጣ እንጂ በዘዴ የታቀደ ስላልሆነ፣ እጥረትን ማወደስ አይገባም የሚል ነው። ክርክሩ እውነትነት አለው። መሣሪያ የሌለውን ትምህርት ቤት «ወረቀት ይበቃችኋል» ብሎ ማለፍ ዕቅድ ሊባል አይችልም። ሆኖም አንድ ኮምፒዩተር ለ5 ተማሪዎች በሚደርስበት ክፍል፣ ተራ ለሚጠብቁት ለ4ቱ የሚሆን ሥራ ካልተዘጋጀ የክፍለ ጊዜው አብዛኛው ክፍል ይባክናል። የመሣሪያ ግዢ በሚታቀድበት ጊዜ እንዲህ ያለውን የወረቀት ልምምድ ለማዘጋጀት መምህሩ የሚያስፈልገው ጊዜም አብሮ ሊሰላ ይገባል። ለዚህ ሥራ ከመጽሐፉ የሚበጁት ስለ ቁጥር ዓይነቶችና ስለ ድግግሞሽ ትእዛዝ የሚያስረዱት ክፍሎች ናቸው፤ በካርድና በማተሚያ ወረቀት ላይ ስለ ቁጥሮች አደራደር የሚያትተው ግን ቢዘለል የሚጎድል ነገር የለም።