ጠፈር በ32 ገጽ

ለልጆች እውነተኛ ነገር መጻፍ ተረት ከመጻፍ ይከብዳል። ጦጣ ከአንበሳ ጋር ብትማከር የሚገረም ልጅ የለም፤ ሮኬት ሽቅብ ሲወነጨፍ ግን “ነዳጁ ቢያልቅስ?” ይላል። ስለ ጠፈር ጉዞ የማዘጋጀውን የሥዕል መጽሐፍ ረቂቅ የማሳየው እዚሁ ጎንደር፣ ቁስቋም፣ ለሰፈሬ ልጆች ነው። እነሱ ያልተቀበሉት ገጽ ማተሚያ ቤት አይገባም።

ትልቁ ፈተና ጠፈርተኞች ለምን ይንሳፈፋሉ የሚለው ነው። በርካታ የልጆች መጻሕፍት “እዚያ የመሬት ስበት የለም” ብለው ይገላገላሉ። ስሕተት ነው። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚዞረው 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው፤ አውሮፕላን ከጎንደር አዲስ አበባ የሚበረውን ያህል ርቀት፣ ሽቅብ። እዚያም ቢሆን መሬት ላይ ካለው ስበት ከአሥር ዘጠኙ እጅ አለ። ባይኖርማ ጣቢያው መዞሩን ትቶ ቀጥ ብሎ በሄደ ነበር። ሰዎቹ የሚንሳፈፉት ከነጣቢያቸው አብረው እየወደቁ ስለሆነ ነው።

ይህን ለስምንት ዓመት ልጅ በቃል ማስረዳት ከንቱ ድካም ነው። ኒውተን ነገሩን ያሰበው ከተራራ ጫፍ በሚተኮስ መድፍ ነበር፤ እኔ መድፉን በወንጭፍ ቀየርኩት። ማሳ የጠበቀ የደጋ ልጅ ወንጭፍ ያውቃል። በመጀመሪያው ሥዕል ልጁ ቁስቋም ጉብታ ላይ ቆሞ ይወነጭፋል፤ ድንጋዩ ቀሃ ወንዝ ዳር ያርፋል። ገጹ ሲገለጥ አጥብቆ ይወነጭፋል፤ ጣና ውስጥ ጧ! ቀጥሎ አገር አቋርጦ ውቅያኖስ ይገባል። በአራተኛው ፍጥነቱ በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ድንጋዩ ይወድቃል፣ ይወድቃል፣ መሬት ግን ክብ ናትና ከሥሩ ትሸሻለች፤ በ90 ደቂቃ ገደማ ዞሮ በልጁ ጀርባ ይመጣል። በዚህ ገጽ ላይ ያለው ጽሑፍ “ጎንበስ በል!” የሚል ብቻ ነው። ሥዕሉ የተናገረውን ጽሑፉ ከደገመው ከሁለቱ አንዱ ትርፍ ነው። (አየር ድንጋዩን እንደሚያዘገየውና ይህን ፍጥነት የሚሰጠው ሮኬት መሆኑን በቀጣዩ ገጽ እናገራለሁ።)

ሌላው ራስ ምታት የመጠንና የርቀት ልክ ነው። መሬትና ጨረቃ ሁልጊዜ ጎን ለጎን ይሳላሉ። በእውነቱ በመካከላቸው 30 መሬቶች ሊደረደሩ ይችላሉ። ስለዚህ ፊት ለፊት ያሉትን ሁለት ገጾች አንድ ሥዕል አደረግኋቸው፤ መሬት 1 ሳንቲ ሜትር፣ ጨረቃ 3 ሚሊ ሜትር የማትሞላ ነጥብ፣ ርቀታቸው 30 ሳንቲ ሜትር። በዚህ ልክ የጠፈር ጣቢያው ከመሬት ጠርዝ የሚርቀው 0.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሹል እርሳስ የተሰመረ መስመር ያህል። “ጋሼ፣ ይኼ ሁሉ ባዶ ነው?” ትለኛለች አንዷ። አዎ። የአፖሎ 11 ሰዎች በሐምሌ 1961 ዓ.ም. ሦስት ቀን የፈጀባቸው ያን ባዶ ለማቋረጥ ነበር።

ባዶው ደግሞ ጥቁር ነው፤ ጥቁር ገጽ ውድ ነው። ስስ ወረቀት ላይ ሲታተም በጀርባ ያሳያል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ የተደረበበትን ገጽ ያቆሽሻል። ጥቁር ቀለም ብቻውን ግራጫ ይመስላል፤ ሰማያዊ ካልታከለበት አይጠልቅም። ስለዚህ ከ32ቱ ገጾች አብዛኞቹን በቀን ብርሃን፣ ምድር ላይ አደረግኋቸው። ቁጠባው ጠቀመኝ፦ ሰማያዊው ሰማይ ድንገት ሲጠቁር ልጆቹ “ፀሐይ እያለች ለምን ጨለመ?” ይላሉ። ብርሃኑን የሚበትን አየር ስለሌለ ነው።

ባለታሪኳ ሰው አይደለችም፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና፣ በቻይና ሮኬት የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ናት። 70 ኪሎ ያህል ትመዝናለች፤ መረጃዋን እንዲቀበል የተሠራው ጣቢያ እንጦጦ ላይ ነው። ልጆቹ ሹፌሯ ማን እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ ሹፌር የላትም ስላቸው ቅር ይላቸዋል። ዓይንና ፈገግታ እንድሥልላት የመከሩኝም አሉ። አልሣልኩም፤ የምትስቅ ሳተላይት ተረት ውስጥ ትግባ።

የተውኩትም አለ። በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ፣ እዚሁ ቁስቋም የእቴጌ ምንትዋብ እንግዳ ነበር፤ ሰማይ የሚለካበት መሣሪያም ይዞ ነበር። ወደ አውሮፓ ይዞት የሄደው መጽሐፈ ሄኖክም ፀሐይና ጨረቃ ስለሚመላለሱባቸው ደጆች ይናገራል። ለቁስቋም ልጅ የሚያኮራ ታሪክ ነው፤ ግን የጠፈር ጉዞ አይደለምና ለሌላ መጽሐፍ ይቆየኝ።

ወላጆችና መምህራን፣ የጠፈር መጽሐፍ ስትገዙ መሬትና ጨረቃ ያሉበትን ገጽ አስቀድማችሁ ግለጡ። ተጠጋግተው ከተሣሉና “ርቀቱ በልኩ አይደለም” የሚል ቃል ከሌለበት ሌላ ምረጡ።