የአሚሮቹ ሳንቲም በራስ ተፈሪ ቤት

ሐረር ላይ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ተነስቼ የልብስ ስፌት መኪናዎቹ በሚንጫጩበት በመኪና ግርግር ጎዳና በኩል ሄድኩ። የሸሪፍ ሐረር ከተማ ሙዚየም እዚያው አካባቢ፣ እንጨቱ በህንዶች ጥበብ በተፈለፈለ ፎቅ ውስጥ ነው። ተፈሪ መኮንን በ1902 ዓ.ም. የሐረር ገዥ ሆነው ከተሾሙ በኋላ የኖሩበት ቤት ነው።

ስብስቡን የከተማው ተወላጅ አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ለዓመታት ለቅመውታል፤ መጀመሪያ ለሕዝብ ያሳዩትም በገዛ ቤታቸው ነበር። ጎራዴው፣ ጌጣጌጡ፣ የሙዚቃ ካሴቱ ሁሉ አለ። እኔን ግን መጻሕፍቱ አላስነሳ አሉኝ። ከኋላው ገበታ የተቀጠለው ምላስ መሰል ቆዳ የቅጠሎቹን ጠርዝ አቅፎ ከፊተኛው ገበታ ሥር ይገባል፤ አቧራም ብርሃንም አያስገባም። አቶ አብዱላሂ ይህን የመጽሐፍ ድጉሰት ሙያ ራሳቸው ተምረው ያረጁትን ይጠግናሉ። ለዚህ ብቻ እንኳ ሐረር ድረስ መሄድ ይገባል።

ቅሬታዬ ከሳንቲሞቹ ዘንድ ይጀምራል። ከጣት ጥፍር ብዙም አይበልጡም፤ የሐረር አሚሮች በዐረብኛ ጽሑፍ ያስመቷቸው ናቸው። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ጨለንቆ ላይ አሚር አብዱላሂን ድል ሲያደርጉ የአሚሮቹ መንግሥት ዘመን አበቃ፤ ራስ መኮንን ገዥ ሆኑ፣ ከዓመታት በኋላም ልጃቸው ተፈሪ። እንግዲህ የተሸናፊው ገንዘብ የተቀመጠው በአሸናፊው ወገን ቤት ነው። ጨለንቆን በድልነቱ ብቻ ተምሬ ላደግሁት ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት አልነበረም። ነገር ግን ዕቃው በየዓይነቱ ተመድቧል፦ ሳንቲም ከሳንቲም፣ ጎራዴ ከጎራዴ፣ ሰፌድ ከሰፌድ። ሰብሳቢ እንዲህ ቢያስብ አያስወቅሰውም፤ የከተማ ታሪክ ግን በዓይነት አይተረክም። ሳንቲሙና ቤቱ ጎን ለጎን ሆነው ቢነጋገሩ ምንኛ በወደድኩ።

ከሁሉ የቆጨኝ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ስፌት፣ ሰፌዱ ነው። ከማን ግድግዳ ወረደ? ማን ሰፋው?

በዚያው ቀን ከሰዓት በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ በጁገል ውስጥ አንዲት እናት ቤታቸው አስገቡኝ። ነደባ በሚሉት የቤቱ መደብ ላይ አረፍ ስል ከራስጌዬ ካሉት ስፌቶች አንዱን አውርደው እጄ ላይ አኖሩልኝ። ጠርዙ በመነካካት ብዛት ለስልሷል። «ይሄን እናቴ ለሰርጌ ሰፋችልኝ» አሉ፤ ቀጥለው የሌላውን፣ ከዚያም የሦስተኛውን ባለቤት ነገሩኝ።