ጎኑ የተከፈተ ኮምፒውተር

ጭሮ ውስጥ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብታችሁ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብትሉ፣ የጎን ክዳኑ የወለቀ ዴስክቶፕ አታጡም። ባለቤቱን ብትጠይቁት «ይሞቃል፤ ባለሙያው ክፈተው ብሎኝ ነው» ይላችኋል። ባለሙያው አንዳንዴ እኔው ነኝ። ሥራ ስጀምር ለሚሞቅ ኮምፒውተር ሁሉ የማዝዘው መድኃኒት አንድ ነበር፤ ክፈት፣ ፋን ጨምር።

መክፈቱ ለጥቂት ቀናት ይሠራል፤ አልዋሽም። ከዚያ የመንገዱ አቧራና የኮፒ ማሽኑ ቶነር ተጋግዘው በሂት ሲንኩ (ሙቀት በሚበትነው ብረት) ክንፎች መሐል እንደ ብርድ ልብስ ይደራረባሉ። ሌላም ጣጣ አለ። ኬዙ ሲሠራ ነፋስ ከፊት ገብቶ፣ ማዘርቦርዱን አቋርጦ፣ በኋላ እንዲወጣ ታስቦ ነው። ጎኑ ሲከፈት የኋላው ፋን በቅርብ ካገኘው ቀዳዳ ይስባል፤ ጥግ ላይ ያሉት ዕቃዎች ነፋስ ሳይነካቸው ይውላሉ።

«ጭሮ እኮ ቆላ አይደለም፤ ምን ያሞቀዋል?» የሚለኝ ብዙ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም ተሸክሞ የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ቁልቁል ወደ ሚኤሶ ስንወርድ ደግሞ አየሩ ትንሽ ይወፍራል፤ ሙቀቱ ግን ይብሳል።

ትምህርቴን ያገኘሁትም ከሚኤሶ በመጣ አንድ ኮምፒውተር ነው። ባለቤቱ «ወንድሜ፣ አንተ ዘንድ ጤነኛ ነው፤ ወደ እኛ ሲወርድ ነው የሚታመመው» አለኝ። ከፈትኩት። በፕሮሰሰሩና በሂት ሲንኩ መካከል የሚቀባው ፔስት አልደረቀም፤ የፕሮሰሰሩ ፋን ይዞራል፤ ፕሮሰሰሩም ቀዝቃዛ ነው። ጣቴን ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ባሉት ጥቋቁር ሞስፌቶች ላይ ባሳርፍ ሦስት ሰከንድ አላስቻለኝም። እነዚህ ከፓወር ሰፕላይ የሚመጣውን 12 ቮልት ለፕሮሰሰሩ ወደ አንድ ቮልት አካባቢ የሚያወርዱ ናቸው። ቦርዱ ርካሽ ስለነበር ሂት ሲንክ አልተሠራላቸውም።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ቀድሞ የነበረው አጭር ፋን ወደ ታች ስለሚነፍስ ፕሮሰሰሩን አልፎ የሚተርፈው ነፋስ እነዚህን ጎረቤቶች ያቀዘቅዝ ነበር። እኔ ቀደም ሲል «ይሻላል» ብዬ ረጅሙንና በጎን የሚነፍሰውን ገጠምኩ። ፕሮሰሰሩን አቀዘቀዝኩ፤ የጎረቤቶቹን ነፋስ ቀማሁ።

ሌላ ጥፋት ደግሞ ጨመርኩ። አሮጌ ሂት ሲንክ በሴጌቶ ቆራረጥኩ፤ በሞረድ አስተካክዬ፣ በብርጭቆ ወረቀት አልስልሼ፣ በሱፐር ግሉ ሞስፌቶቹ ላይ ለጠፍኩ። ሲያዩት ያምራል። የረሳሁት ነገር ቢኖር ኬዙ ሲቆም ማዘርቦርዱ እንደ ግድግዳ እንደሚቆምና የለጠፍኩት ሁሉ ተንጠልጥሎ እንደሚቀር ነው። ሱፐር ግሉ ሲሞቅ ይለቃል። አንዷ ቁራጭ ወድቃ ሾርት አደረገች፤ ቦርዱ ሞተ፤ ከኪሴ ከፈልኩ። አሁን ለሂት ሲንክ ተብሎ የተሠራውን ማጣበቂያ ካላገኘሁ ወይም በቪስ የማስርበት ቀዳዳ ከሌለ አልለጥፍም። (የጥርስ ሳሙና በፔስት ፈንታ የሚቀቡም አሉ። በቀናት ውስጥ ደርቆ ይቀራል፤ ሞክሬው ነው የምላችሁ።)

የነፋስ መንገድ ማየት የተማርኩት ደግሞ ቡና ሲፈላ ነው። ማጨሻው አጠገቤ ነበር፤ የዕጣኑ ጭስ ክፍት ወደሆነ አንድ ኬዝ ሲሳብ አየሁት። ጭሱ በጎን ገብቶ ወዲያው በኋላ ወጣ፤ ወደ ሞስፌቶቹ ዝር አላለም። ክዳኑን ስገጥም በፊት በኩል ገባ፤ ግን በተንጠለጠሉት ኬብሎች ተመትቶ ተበተነ። ኬብሎቹን በገመድ ወደ ጎን ሰብስቤ አሰርኩ። ከአሮጌ ክላሰር ሽፋን እንደ ቦይ ያለ ነገር ቆርጬ፣ ከፊት የሚገባውን ነፋስ ወደ ሞስፌቶቹ ጥግ መራሁት። ያንን ጥግ ያቀዘቀዘልኝ ይኸው የክላሰር ሽፋን ነው፤ ሌላ ፋን አልገዛሁም።

ፋን መጨመር ግድ ከሆነ ግን ትልቁን እመርጣለሁ። የ120 ሚሊ ሜትር ፋን ከ80ው ከእጥፍ በላይ ስፋት ስላለው ቀስ ብሎ እየዞረ ያንኑ ነፋስ ያመጣል፤ ጩኸቱም ይቀንሳል። በቢጫው 12 ቮልት ፈንታ በቀዩ 5 ቮልት ላይ ማሰርም ይቻላል። አንዳንዱ ፋን ግን በ5 ቮልት አይነሳም፤ እያጠፉ እያበሩ ደጋግሞ መሞከር ነው። ነፋስ የሚገባበት አፍ ላይ የሴት ስቶኪንግ እወጥርበታለሁ። ደንበኞቼ ይስቃሉ፤ በወሩ አውልቄ ሳራግፈው ግን አቧራው የት ይገባ እንደነበር ያዩታል።

ይህ ሁሉ ድካም በዋናነት በማዘርቦርዱ ላይ ላሉት ካፓሲተሮች ነው። 105 ዲግሪ፣ 2,000 ሰዓት ተብሎ የተጻፈበት ካፓሲተር ሙቀቱ 10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው እጥፍ ይሆናል። በ75 ዲግሪ ወደ 16,000 ሰዓት፣ በ65 ዲግሪ ወደ 32,000 ሰዓት ማለት ነው። በቀን አሥር ሰዓት ለሚሠራ ጽሕፈት ቤት የዚያ 10 ዲግሪ ልዩነት ከአራት ዓመት በላይ ይሆናል።

እንግዲህ ኮምፒውተራችሁን ስታመጡልኝ የጎን ክዳኑንም አብራችሁ አምጡልኝ። የተቀመጠበትንም ቦታ ንገሩኝ፦ ከኮፒ ማሽኑ ጎን ነው ወይስ ግድግዳ ተጠግቶ? ጭሮ ነው የሚሠራው ወይስ ሚኤሶ?