የውርስ መዝገብ ከወዴት ይገኛል? ስለ ምንጭ አጠቃቀማችን የቀረበ ሂስ

ስለ ውርስ በተማሪዎች የሚጻፉትን ጥናቶች አከታትሎ ላነበበ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ይገለጥለታል፤ ይኸውም የሚጠቀሱት ምንጮች ብዙውን ጊዜ ከሁለት የማያልፉ መሆናቸው ነው። አንደኛው በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ ሁለተኛው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች በቅጽ በቅጽ ታትመው የወጡበት ስብስብ ነው። ሁለቱም የታመኑ ምንጮች መሆናቸውን የሚክድ የለም። ዳሩ ግን ሕጉ የሚነግረን ሊሆን የሚገባውን ነው፤ ሰበር ችሎቱም የሚያሳየን እስከ መጨረሻው የተጣሉትን ቤተሰቦች ብቻ ነው። ሳይካሰስ ተካፍሎ ወደየቤቱ የገባው ሕዝብ ግን በሁለቱም ውስጥ አይገኝም። የእርሱ ታሪክ የሚገኘው በወረዳና በከተማ ፍርድ ቤቶች መዝገብ ቤት ነው፤ እኛም ወደዚያ የመሄድ ልማድ የለንም።

የዚህን ጉድለት ክብደት ለመረዳት አንድ ጥያቄ ማንሣት ይበቃል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ሲጸና፣ በቁጥር 842 የሟች ልጆች በእኩልነት እንዲወርሱ ደነገገ፤ በቁጥር 3347 ደግሞ ሕጉ በደነገጋቸው ጉዳዮች ላይ ቀድሞ ይሠራበት የነበረውን ልማድ ሻረ። በወረቀት ላይ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን በ1950ዎቹ ዓመታት በአንድ የአውራጃ ፍርድ ቤት የቀረበች ሴት ልጅ ከወንድሞቿ እኩል አገኘችን? ወይስ ድርሻዋን ለወንድሟ ለቅቃ፣ ስሟ በመዝገቡ ላይ ብቻ ቀረ? ይህን ሕጉ አይመልስልንም፤ የሕግ ሊቃውንትም አይመልሱልንም። ሊመልስ የሚችለው የዚያ ዘመን የፍርድ ቤት መዝገብ ብቻ ነው፤ እርሱም በምስጥና በእርጥበት ካለቀ ጥያቄው ለዘለዓለም ያለ መልስ ይቀራል።

መዝገብ ማገላበጥ ምን ያህል እንደሚያተርፍ በሌላ ዘመን ላይ የተሠራ ጥናት ያስረዳናል። ፕሮፌሰር ዶናልድ ክራሚ በአብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ የተጻፉትን የመሬት ሽያጭ፣ የስጦታና የኑዛዜ ማስታወሻዎች መሠረት አድርገው ስለ መሬትና ስለ ኅብረተሰብ ያዘጋጁትን ሰፊ መጽሐፍ በ2000 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። በጎንደር ዘመን ሴቶች መሬት ይገዙ፣ ይሸጡና ያወርሱ እንደ ነበር በጉልህ የታወቀው ከዜና መዋዕል ሳይሆን ከእነዚህ ማስታወሻዎች ነው። እንግዲህ ለ18ኛው ምዕት ዓመት ይህን ያህል ካወቅን፣ ለአያቶቻችን ዘመን ከዚያ ያነሰ ማወቃችን የሚያስገርም ነው።

ችግሩ ስንፍና ብቻ ነው ማለት ግን አግባብ አይሆንም። መዝገቡን ማግኘት በእውነት አስቸጋሪ ነው። በፍርድ ቤት መዝገብ የሚጠራው በቁጥሩ ነው፤ ቁጥሩን ያልያዘ ሰው የሟቹን ስም ብቻ ይዞ ቢሄድ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ሊረዳው ቢወድ እንኳ የሚጀምርበት አይኖረውም። በእንግሊዝ አገር ከ1858 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኑዛዜ የማጽደቅ ሥልጣን ከቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤቶች ወደ መንግሥት ሲዛወር፣ የሟቾች ስም በየዓመቱ በፊደል ተራ በመዘርዝር እንዲወጣ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ የሟቹን ስምና የሞተበትን ዓመት በግምት የሚያውቅ ሁሉ ኑዛዜውን ፈልጎ ግልባጩን በክፍያ መውሰድ ይችላል። እኛ የጎደለን መዝገቡ ሳይሆን መዘርዝሩ ነው።

መዘርዝር እስኪዘጋጅ ድረስ ግን መንገድ የለም ማለት አይደለም። መጀመሪያ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 826 ውርስ የሚከፈተው ሟቹ በሞተበት ጊዜ ዋና መኖሪያው በነበረበት ስፍራ እንደ ሆነ ይናገራል። ስለዚህ የሚፈለገው ሟቹ የተወለደበት ወይም የተቀበረበት ስፍራ ሳይሆን የኖረበት ነው። ሁለተኛ፣ በዚያ ስፍራ በዚያ ዓመት ሥልጣን የነበረው ፍርድ ቤት የትኛው እንደ ሆነ መለየት ያሻል። የአውራጃ ፍርድ ቤት ዛሬ የለም፤ መዝገቦቹን የተረከበው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ የተመራማሪው ፋንታ ነው። በአዲስ አበባ ከ1995 ዓ.ም. ቻርተርና ከማሻሻያው ወዲህ የወራሽነት ምስክር ወረቀት የመስጠት ሥልጣን የከተማው ፍርድ ቤቶች ሆኗል። ሙስሊም ቤተሰብ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ በቃዲ ፍርድ ቤት ታይቶ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ ፍርድ ቤቶች ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ ብዙ ጊዜ በጋዜጣ ጥሪ ያስወጣሉ። ጥሪው የሟቹን ስም፣ የአመልካቹን ስም፣ ችሎቱንና የመዝገቡን ቁጥር ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የታተመው አዲስ ዘመን፣ በቤተ መጻሕፍት ተጠርዞ ለተቀመጠው ማንም ተማሪ ሊደርስበት የሚችል፣ ያልታሰበበት መዘርዝር ነው።

ስም በመፈለግ ረገድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኃይለ ማርያም የሚለውን ስም አንዱ ጸሐፊ በኀ፣ ሌላው በሐ፣ ሦስተኛው በሀ ይጽፈዋል፤ አንዱ ለያይቶ፣ ሌላው አጋጥሞ ይጽፋል። ከዚህም በላይ ሟቹ በሠፈሩ በዓለም ስሙ ሲታወቅ፣ የነፍስ አባቱ በተገኙበት የተደረገው ኑዛዜ በክርስትና ስሙ ተጽፎ ይገኝ ይሆናል። በአንድ አጻጻፍ ብቻ ፈልጎ «የለም» ብሎ የሚመለስ ሰው አልፈለገም ማለት ይቻላል።

መዝገቡም ከተገኘ በኋላ ምን ዓይነት መዝገብ እንደ ሆነ ሳይለዩ መጠቀም ያሳስታል። የወራሽነት ምስክር ወረቀት የተጠየቀበት መዝገብ፣ በቁጥር 996 መሠረት፣ ወራሹ ማን እንደ ሆነና ድርሻው ስንት እንደ ሆነ ያስረዳል እንጂ ሟቹ ስንት ቤትና ስንት ከብት እንደ ነበረው የሚያስረዳ አይደለም። ስለ ሀብት ማወቅ የሚፈልግ ሰው የውርስ አጣሪ የተሾመበትን መዝገብ መፈለግ አለበት፤ ንብረቱና ዕዳው ተዘርዝሮ የሚገኘው በዚያ ነው። ኑዛዜን በሚመለከትም የተናዛዡ የራሱ ጽሑፍ የሆነ ኑዛዜ በሰባት ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ካልተቀመጠ ይፈርሳል፤ የቃል ኑዛዜም ከሦስት ወር አያልፍም። እንግዲህ ኑዛዜ በመዝገብ አለመገኘቱ ሟቹ ሳይናዘዝ ሞተ ለማለት አያበቃም። ደግሞም በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትና የከተማ ትርፍ ቤት በአዋጅ ወደ መንግሥት ስለ ተዛወሩ፣ ከዚያ ዓመት በፊትና በኋላ ያሉትን መዝገቦች እንደ አንድ ዓይነት ቆጥሮ ማወዳደር አይቻልም።

አንዳንድ ጓደኞች የመዝገብ ቤት ሹማምንትን እምቢታ በክፋት ይተረጉሙታል። ይህ ፍርድ የቸኮለ ይመስለኛል። ችሎት በግልጽ ቢያስችልም፣ በመዝገቡ ውስጥ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ፣ የተካደች ሚስት፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ወራሽ ይገኛል፤ እነዚህም ወይም ልጆቻቸው ዛሬ በሕይወት ያሉ ሰዎች ናቸው። መዝገብ ለማየት የሚጠይቅ ተማሪ ስምን በቁጥር ለውጦ እንደሚጽፍ፣ አድራሻም እንደማያወጣ አስቀድሞ በጽሑፍ ቢያረጋግጥ፣ ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። መዝገብ ቤቶችም በበኩላቸው ለተመራማሪ የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን ለይተው በጽሑፍ ቢያስቀምጡ፣ ጉዳዩ በየሠራተኛው መልካም ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሎ ባልቀረ ነበር።

የዚህ ሂስ መደምደሚያ ሰፊ ዕቅድ የሚጠይቅ አይደለም። የሕግና የታሪክ ክፍል ተማሪዎች አንድ ላይ ሆነው ከ1953 እስከ 1966 ዓ.ም. ካለው ዘመን የአንድ ዓመት አዲስ ዘመን ጋዜጣን ተካፍለው ቢያነብቡ፣ የውርስ ጥሪዎችን በሟች ስም፣ በፍርድ ቤትና በመዝገብ ቁጥር ቢዘረዝሩ፣ ዝርዝሩም በቤተ መጻሕፍታችን ቢቀመጥ፣ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ተማሪ ወደ መዝገብ ቤት ባዶ እጁን አይሄድም። እስከዚያው ድረስ ስለ ኢትዮጵያ ሕዝብ የውርስ ሥርዓት ጻፍን የምንለው ሁሉ፣ በትክክለኛ ስሙ ሲጠራ፣ ስለ ሕግ መጽሐፍ የተጻፈ ነው።