ስለ መጠጥ የማይጠይቀው የአራሶች መጠይቅ

ኮክስ፣ ሆልደንና ሳጎቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተሙት የኤዲንብራ የድኅረ ወሊድ ድብርት መጠይቅ ዐሥር ጥያቄዎች ያሉት፣ ያለፉትን ሰባት ቀናት ስሜት የሚመለከትና ቢበዛ 30 ነጥብ የሚያሰጥ አጭር ሰነድ ነው። ትልቁ ብልኃቱ እንደ ድካም ያሉትን፣ ማንኛዋም አራስ የማታጣቸውን አካላዊ ምልክቶች ወደ ጎን መተዉ ነው። ራስን ስለ መጉዳት የሚያነሣው ዐሥረኛው ጥያቄም ብዙ ባለሙያ አፍሮ የሚያልፈውን ነገር በግልጽ ይጠይቃል።

ስለ መጠጥ ግን አንድም ቃል የለውም። ጉድለቱ ጎልቶ የሚታየው፣ እናቲቱ ከኀዘኗ ብዛት እንቅልፍ አጥታ እንደ ሆነ በሚጠይቀው በሰባተኛው ጥያቄ ላይ ነው። ማታ ማታ ሁለት መለኪያ አረቄ ጠጥታ የምትተኛ እናት «አላጣሁም» ብትል አልዋሸችም፤ ነጥቧ ግን ዝቅ ይላል። አልኮል እንቅልፍን ቶሎ ያመጣል፤ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ግን ይረብሻል። መጠጡ ምልክቱን ስለሚሸፍነው ይበልጥ የታመመችው እናት «ደኅና» ተብላ ወደ ቤቷ ልትመለስ ትችላለች።

በኢትዮጵያ ነገሩን የሚያወሳስበው ጠላ «ወተት ያመጣል» እየተባለ በብዙ ቤት ለአራስ መቅረቡ ነው። (እውነቱ ተቃራኒው ነው፤ አልኮል ወተት እንዲፈስ የሚያደርገውን ኦክሲቶሲን ይገታል።) ስለዚህ «መጠጥ ትጠጫለሽ ወይ?» የተባለች እናት «አልጠጣም» ስትል ጠላውን ከመጠጥ አልቈጠረችው ይሆናል። ኦዲት የሚባለው የዓለም ጤና ድርጅት የአልኮል መጠይቅም በመደበኛ መጠን ስለሚቈጥር፣ ጥንካሬው ከቤት ቤት ለሚለያይ ጠላ እንደ ልብ አይመችም። በጣሳና በመለኪያ መቊጠር፣ ጥያቄውንም «ማታ ምን ጠጥተሽ ትተኛለሽ?» ብሎ መጀመር ይሻላል። ሕፃኑ በስድስተኛው ሳምንት ለክትባት ሲመጣ ይህን ለመጠየቅ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

መልሱ «እጠጣለሁ» ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ የሚከተለው ተግሣጽ ነው። የተገሠጸች እናት ለሚቀጥለው ክትባትም ላትመለስ ትችላለች። በየቀኑ አብዝታ የምትጠጣን ሴት «ዛሬውኑ አቁሚ» ብሎ መሸኘት ደግሞ ለሚጥል በሽታና ለመቃዠት ሊዳርጋት ስለሚችል፣ ማቆሙ በሐኪም ክትትል መሆን ይኖርበታል። የጠጣች ሌሊት ሕፃኑን አቅፋ እንዳትተኛ፣ ከቤተሰቡም ያልጠጣ ሰው ሕፃኑን እንዲይዝላት መነጋገር ያስፈልጋል። የድብርቱ ሕክምናም መጠጡ እስኪቆም አይጠብቅም፤ ሰርትራሊን ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው በጥቂቱ ስለ ሆነ፣ መድኃኒቱን ለመጀመር ሲባል ብቻ ጡት ማስጣል አያስፈልግም።